የአንድ ሣር ማጨጃ ቢየላ፤ ስለ አነስተኛ ሞተሮች ጥገና የቀረበ ንግግር



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ አነስተኛ ሞተሮች ጥገና እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ጄኔሬተር ለመናገር ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ድምፁን የማይሰማ ሰው ስለሌለ፣ ስለ እርሱ የሚነገረውን ሁሉም በጥሞና ያዳምጣል ብዬ ገምቼ ነበር። በኋላ ግን ሐሳቤን ለውጬ የሣር ማጨጃን ሞተር መረጥሁ። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። በሙያችን ውስጥ ሣር ማጨጃ የከበረ ስፍራ እንደሌለው እኔም አውቃለሁ፤ የጭነት መኪና ሞተር አውርዶ የሚፈታ ባለሙያ፣ ሣር ማጨጃ ሲመጣለት ቀና ብሎ ሳያየው ለተለማማጁ ይሰጠዋል። እኔም እንደዚሁ አደርግ ነበር። ልተወው የተገደድሁበትን ምክንያት ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ ስሕተቱ የራሴ ስለሆነ በማንም ላይ ለማሳበብ አልሞክርም።

አስቀድሜ ስለ ሞተሩ ጠባይ ጥቂት ልበል። በእጅ እየተገፋ የሚሠራው የሣር ማጨጃ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ኮሎው እንደ መኪና ሞተር በአግድም የተኛ ሳይሆን ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሆን፣ ምላጩ በታችኛው ጫፉ ላይ ይታሰራል። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ቢየላውም አሉሚኒየም ነው። በብዙዎቹ አነስተኛ ሞተሮች በቢየላውና በኮሎው አንገት መካከል እንደ መኪና ሞተር የሚለወጥ ኩሽኔታ የለም፤ አሉሚኒየሙ ራሱ በብረቱ ላይ ይዞራል። የዘይት ፓምፕም አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ከካርተሩ በታች በጥርስ የሚዞር አንድ ትንሽ የዘይት መርጫ ዘይቱን ወደ ላይ ይረጨዋል፤ የሞተሩ ሕይወት በዚያ ርጭት ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ይቻላል። በኮሎው አንገትና በቢየላው መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ከጠጉር የቀጠነ ነው። ያ ሽፋን ለጥቂት ሰኮንድ ቢጠፋ አሉሚኒየሙ ቀልጦ በብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ቢየላው ይነክሳል፤ ፒስተኑ ግን በቮላኖውና በምላጩ ጉልበት እየተገፋ መሄድ ስለሚፈልግ ቢየላው ይሰበራል።

በንግድ ሥራ ላይ የሚውል ማጨጃ ከቤት ማጨጃ የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም። አምራቾች ዘይት በየ50 ሰዓቱ፣ ሥራው ከባድ ወይም ሙቀቱ ከፍተኛ ሲሆን ደግሞ በየ25 ሰዓቱ እንዲለወጥ ያዝዛሉ። በግቢው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ሣር በወር ሁለት ጊዜ የሚያጭድ ሰው 50 ሰዓት የሚሞላው ከዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አምስት ሰዓት የሚሠራ አትክልተኛ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይደርስበታል። እኛ ዘንድ ያለው ልማድ ዘይትን በወራት መቁጠር ነው። ክረምት ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲወጣ አንድ ጊዜ። ይህ አቆጣጠር ለቤት ማጨጃ ይበቃ ይሆናል፤ ለሥራ ማጨጃ ግን ፍርድ ነው።

በነሐሴ ወር 1986 ዓ.ም. ስሙን መጥራት ከማያስፈልግ፣ በአዲስ አበባ ሰፊ የአትክልት ስፍራ ካለው አንድ ድርጅት ባለ አምስት የፈረስ ጉልበት ማጨጃ መጣልኝ። ራሴን ችዬ መሥራት ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ማጨጃውን ከድርጅቱ ሾፌር ጋር ይዘው የመጡት በዕድሜ የገፉ አትክልተኛ ነበሩ። ሞተሩ ተነክሶ ቆሟል፤ በካርተሩ ጎን የድሮ ሃያ አምስት ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ ተከፍታለች፤ በቀዳዳዋ በኩል የተሰበረው ቢየላ ጫፍ ይታያል። በውስጡ ጠብታ ዘይት እንኳ አልነበረም።

ፈታሁት። ቢየላው ለሁለት ተሰብሮ፣ የኮሎው አንገት በተለጠፈ አሉሚኒየም ተሸፍኖና በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ምልክት ምን እንደሚል ማናችንም እናውቃለን፤ ቅባት አጥቷል ይላል። አትክልተኛው ከአጠገቤ ቆመው ያዩ ስለነበረ ዘወር ብዬ፣

«አባባ፤ ዘይት ሳይጨምሩ ነው የሠሩበት» አልኋቸው።

«ልጄ፤ ዘይቱ አንሶ አያውቅም» አሉኝ። «እንዲያውም እየጨመረ ነው ያስቸገረኝ። ጧት ጧት ሳየው ካሳደርሁት በላይ ሆኖ ይገኛል። ሲነሣም ያጨሳል።»

ሣቅሁ። ሾፌሩም ሣቀ። በሞተር ውስጥ ዘይት ይጎድላል እንጂ እንዴት ብሎ በራሱ ይጨምራል? ሽማግሌው ጥፋታቸውን ለመሸፈን የፈጠሩት ነገር መሰለኝ። በጥገናው ወረቀት ላይም «ዘይት ባለመጨመሩ ምክንያት ቢየላው ተሰብሯል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁበት። ይህች አንዲት መሥመር የት እንደምትደርስ አላሰብሁም ነበር።

የጥገናው ሥራ ራሱ ጥሩ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ተመሳሳይ ጉዳት ለሚያጋጥማቸው ወጣት ባለሙያዎች ይጠቅም ይሆናልና በዝርዝር ልንገራችሁ። የተለጠፈውን አሉሚኒየም ከኮሎው አንገት ላይ በሞረድ ማንሣት ኮሎውን ማበላሸት ነው። አሉሚኒየምን የሚበላ፣ ብረትን ግን የማይነካ ነገር አለ፤ እርሱም በውኃ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ነው። አንገቱን ብቻ በእርሱ የራሰ ጨርቅ ጠቅልሎ አረፋው እስኪያቆም መጠበቅ፣ ከዚያም በብዙ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ ወዲያውኑ ዘይት መቀባት ነው። ሥራው በደጅ ይሁን፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ በአቅራቢያው እሳት አይኑር፤ የእጅ ጓንትና የዐይን መከላከያም አይረሱ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ብረቱንም ስለሚበላ እጁ ያልረጋ ሰው ባይነካው እመርጣለሁ።

አንገቱ ከጸዳ በኋላ ዐይንን ማመን አይገባም። በማይክሮሜትር ዙሪያውን ቢያንስ በአራት አቅጣጫ፣ ከላይም ከታችም መለካት ያስፈልጋል። በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ልዩነት እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ ክብነቱን ያጣ አንገት አዲሱን ቢየላ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። የእኔው አንገት ልኩ የሚፈቀድ ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳውን ያስሞላሁት በአርጎን ነበር። ለዓመታት ዘይት የጠጣ አሉሚኒየም ካልታጠበና አስቀድሞ ሞቅ ካላለ ብየዳውን አይቀበልም፤ አረፋ አረፋ ይሠራል። የብየዳው ዘንግም 5 በመቶ ገደማ ሲሊኮን ያለበት እንዲሆን ያስፈልጋል። ከብየዳ በኋላ የሲሊንደሩን ክብነት እንደገና መለካት ብዙዎቻችን የምንዘለው ነገር ነው፤ ሙቀት አሉሚኒየምን ያጣምማልና። ከዚያ አዲስ ፋሻ አስገባሁ፤ ፋሻውን ከፒስተኑ በፊት ለብቻው በሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቼ የጫፎቹን ክፍተት ለካሁ። የቢየላውን ቆብ ምልክት ከምልክት ጋር አገናኝቼ፣ ብሎኖቹን በኃይል መለኪያ መፍቻ አሰርሁ። በእጅ ግምት የሚያስሩ ባልደረቦች አሉን፤ በዚህ መጠን ያለ ሞተር የሚፈልገው 11 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በመኪና ሞተር የለመደ እጅ ያለ ጥርጥር ያልፈዋል።

ሞተሩ በመጀመሪያው ጉተታ ተነሣ። ሽማግሌው መጥተው ወሰዱት። ደስ ብሎኝ ነበር።

በጥቅምት ወር 1987 ዓ.ም. ያው ማጨጃ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ብቻውን ነበር። ሞተሩ ተነክሶ ቆሟል እንጂ አልተሰበረም፤ ካርተሩም አልተቀደደም። የማፍሰሻውን ብሎን ፈትቼ በመለኪያ ተቀበልሁት። ስድስት መቶ ሚሊ ሊትር ዘይት ከሚይዘው ካርተር ውስጥ አንድ ሊትር ያህል ፈሰሰ። እንደ ውኃ የቀጠነ ነበር፤ ሽታው ቤንዚን ነበር።

ሽማግሌው ያሉትን ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዚህ ማጨጃ የቤንዚን ጋን ከካርቡራተሩ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ፣ ቤንዚኑ ልኩ ላይ ሲደርስ አንዲት ትንሽ መርፌ ወደ መቀመጫዋ ገፍቶ መንገዱን ይዘጋዋል። መርፌዋ ካረጀች፣ ወይም በመቀመጫዋ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች አትዘጋም። ሞተሩ ሲሠራ ጉዳቱ ብዙም አይታወቅም፤ ሞተሩ የመጣለትን ያቃጥለዋል። ሌሊት ግን ቤንዚኑ ያለ ማቋረጥ ይንጠባጠባል። ከካርቡራተሩ ሞልቶ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ከዚያ በፋሻዎቹ መካከል ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ጧት የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ከትናንቱ በልጦ ይገኛል። ሞተሩ ሲነሣ ያጨሳል። ዘይቱ በብዛት አለ፤ ቅባትነቱ ግን የለም።

ይህን መጀመሪያ ጊዜ ለምን አላየሁትም? ማስረጃው በቀዳዳው በኩል ሣር ላይ ፈስሶ አልቆ ስለ ነበር ነው። ካርተሩን ባዶ አገኘሁት፤ ባዶ የሆነው ከስብራቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ደግሞም ያልፈሰሰ ማስረጃ ነበር። ዘይት የጎደለው ሞተር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በቢየላው ላይ ይጎዳል፤ ዘይቱ የቀጠነበት ግን ሁሉም ቦታ ይጎዳል። የኮሎው ላይኛና ታችኛ መቀመጫ፣ የካም ዘንጉ መቀመጫ፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ በእኩል ተበልተው ይገኛሉ። እነዚያን መቀመጫዎች አጥቤያቸው ነበር፤ አላየኋቸውም። የተሰበረውን ብቻ ነበር የማየው።

ካርቡራተሩን ደግሞ ጨርሶ አልከፈትሁትም ነበር። ፈተናው ግን ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ቤንዚኑን አፍስሶ ካርቡራተሩን ገልብጦ መያዝ ነው፤ ያን ጊዜ ተንሳፋፊው በክብደቱ መርፌዋን ይጫናል። ከዚያ በቤንዚኑ መግቢያ በኩል በንጹሕ ቀጭን ጎማ ቀስ ብሎ እፍ ማለት ነው። አየሩ ካለፈ መርፌዋ አትዘጋም። ካርቡራተሩ ሳይፈታም የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥቶ ማሽተት ይቻላል፤ አንድ ጠብታ በወረቀት ላይ ቢያስቀምጡ ቤንዚን የገባበት ዘይት ቶሎ ይሰፋል፣ ዙሪያውም ፈዘዝ ያለ ክብ ይሠራል። ዘይቱን በክብሪት የሚፈትኑ አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት።

የሀገራችን ከፍታ በዚህ ላይ የራሱን ድርሻ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል እንደሚያጣ አምራቾች ይገልጻሉ፤ ስለዚህ አምስት የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር እኛ ዘንድ የሚሰጠው ሦስት ተኩል ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል። ለከፍታ የተዘጋጀ ጠበብ ያለ የቤንዚን መርጫ ካልተገባ በስተቀር፣ መርፌዋ ደህና ብትሆን እንኳ ዘይቱ ከሌላ አገር ይልቅ እዚህ ቶሎ ይበላሻል። የምንመራበት መመሪያ ግን የተጻፈው በሌላ አገር ነው።

ጉልበት ማነሱ ሌላም ጣጣ ያመጣል። በክረምት ሣሩ ረዥምና እርጥብ ሲሆን ማጨጃው ያቃስታል። ሠራተኛው «ጉልበት ጨምሩልኝ» ሲል፣ እኛ ደግሞ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ምንጭ በሽቦ ወጠር እናደርገዋለን። ይህን ያላደረገ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። 53 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ምላጭ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰኮንድ 83 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 3,600 ጊዜ ሲዞር 100 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በአሜሪካ የደኅንነት ደረጃ የተወሰነው ጣሪያ ግን 96.5 ሜትር ነው። በቢየላው ላይ የሚደርሰው የፒስተኑ ጉተታም በፍጥነቱ እጥፍ በእጥፍ ስለሚያድግ፣ ከ3,000 ወደ 3,600 ሲወጣ 44 በመቶ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የተሰበረ ቢየላ ከሌላው ይለያል፤ ወገቡ ላይ ይሰበራል፣ አንገቱ የሚያርፍበት ክብ ግን ንጹሕና ብሩህ ሆኖ ይገኛል። ብሎኑ ላልቶ የወደቀውም የራሱ ምልክት አለው፤ የቆቡ መገናኛ ፊት እርስ በርሱ ተፋጭቶ ያብረቀርቃል። አቧራ የበላው ደግሞ ቢየላውም ፋሻውም ሲሊንደሩም እንደ አሸዋ ወረቀት አመድማና ልሙጥ ሆኖ ያረጃል፤ እርሱ ከዘይት ቤቱ ይልቅ ወደ አየር ማጣሪያው ይመራናል።

ከርእሴ ሳልወጣ ስለ ምላጭ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ምላጩ ድንጋይ ከመታ በኋላ ኮሎው ሊጎብጥ ይችላል። የጎበጠን የማጨጃ ኮሎ በመዶሻም ሆነ በፕሬስ ማቅናት ፈጽሞ አይገባም። ቀንቶ ሊታይ ይችላል፤ በውስጡ የቀረው ስንጥቅ ግን አንድ ቀን ይለያየዋል፤ ያን ጊዜ ምላጩ ወደ ማን እግር እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ድንጋይ የመታ ሞተር አልነሣ ሲልም አስቀድሞ መታየት ያለባት ቮላኖውን ከኮሎው ጋር የምታያይዘው ትንሽ ቁልፍ ናት፤ እርሷ ስትቆረጥ የእሳቱ ሰዓት ይዛባል። ይህች ቁልፍ በአንዳንድ ጋራዦች በብረት ቁራጭ ስትተካ አይቻለሁ፤ ለስላሳ ሆና የተሠራችው ግን ከኮሎው ቀድማ እንድትቆረጥ ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ሾፌሩን የት እንዳሉ ብጠይቀው፣ በእኔ ወረቀት መሠረት የመለዋወጫው ዋጋ በየወሩ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ መሆኑን ነገረኝ። ማጨጃውንም እንዳይነኩ ተከልክለው ወደ መጥረግ ሥራ ተዛውረው ነበር። ሁለተኛው ጉዳት የደረሰው በሌላ ሠራተኛ እጅ ነው፤ እርሱም ሌሊት የቤንዚኑን ቧንቧ መዝጋት እንዳለበት የነገረው አልነበረም። እኔም አልነገርሁም።

በማግሥቱ ወደ ድርጅቱ ሄድሁ። ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ ቅጠል እየጠረጉ ነበር። «አባባ፤ ያሉት እውነት ነበር፤ ዘይቱ ይጨምር ነበር» አልኋቸው። መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ እንደዚያኛው ጊዜ ጻፍልኝ እንጂ» አሉኝ።

ጻፍሁ። አንድ ገጽ ሙሉ ነበር፤ ስለ መርፌዋ፣ ስለ ቀዳዳዋ፣ ስለ ፈሰሰው ዘይትና ስለ ራሴ ስሕተት። የደመወዙ ቆረጣ ቆመ። የተቆረጠው የሁለት ወር ገንዘብ ግን ሒሳቡ ተዘግቷል ተብሎ አልተመለሰም፤ ወደ ማጨጃውም አልተመለሱም። የመጀመሪያውን መሥመር ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ፈጅቶብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጋራዤ የጥገና ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጨምሬአለሁ። አንደኛው «ሠራተኛው የተናገረው» የሚል ክፍት ቦታ ሲሆን፣ ሰውየው ያለውን ሳላርም በራሱ ቃል እጽፈዋለሁ። ሁለተኛው «የተሰበረው» እና «የሰበረው» የሚሉ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው፤ ሁለተኛው ካልታወቀ «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፋል፤ ባዶ አይተውም፤ በግምትም አይሞላም። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ለአባላት የሚያሳትመውን የጥገና ወረቀት በሚቀጥለው ዓመት ሲያሻሽል ይህን እንዲያስብበት በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ወረቀቱ በአሠሪዎች እጅ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሁሉ ሐሳቤን ይደግፈዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እነሆ በጠረጴዛው ላይ አራት የተሰበሩ ቢየላዎች አስቀምጫለሁ። አንዱ በፍጥነት፣ አንዱ በላላ ብሎን፣ አንዱ በአቧራ፣ አንዱ በቀጠነ ዘይት የተበላሹ ናቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጻፍሁባቸውም። ቀርባችሁ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ እንድትለዩአቸው እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለጥያቄ ዝግጁ ነኝ።